ሊማሊሞን ሳትፈላ የወጣችው

ዛሬ ወደ ደባርቅ ስንወጣ ሚኒባሳችን ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ ፈልቶ ቆመ። የፈላው የራዲያተር ውሃ ሽታ አስተማሪው አባቴ መኪናቸውን ሊሸጡ የሞከሩበትን ቀን አስታወሰኝ።

መኪናዋ ትንሽ፣ ያረጀች የእንግሊዝ ሥሪት ነበረች። አባቴ መልኳን ሳይነኩ ከሌላ መኪና የተፈታ የተሻለ ፍሬንና ትልቅ ራዲያተር ገጥመውላት ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ግን ገዝቶ የሚነዳት ሰው ፈለጉላት።

ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው እህል ነጋዴ ኮፈኗን እንኳ ሳያስከፍት ዞራትና፣ "መምህር፣ ይህቺ ሊማሊሞን የምትወጣው በአህያ ተጭና ነው!" ብሎ ሳቀ። አባቴም ፈገግ አሉ። በዚያው ሳምንት፣ ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት፣ አብሬያቸው ዳገቱን ስወጣ አንዴም አልፈላችም ነበር። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩና መልሼ ዘጋሁት። ነጋዴው ሄደ።

"አባባ፣ ለምን አልነገሩትም?" አልኩ ተናድጄ።

"ሻጭ ለራሱ ዕቃ ይመሰክራል እንዴ ልጄ? ምስክሬማ አንቺ ነበርሽ።"

ሌላ ገዢ አልመጣም፤ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ዛገች።

አሁን የሚኒባሳችን ሾፌር ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ እየጨመረ፣ "ይህን ዳገት ሳትፈላ የወጣች አሮጌ መኪና ካለች ንገሩኝ!" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አንዲት አውቅ ነበር። እንደዚያን ቀን አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።