በእሷ ተራ

የልጅ ልጄ ላፕቶፕ «ጢጥ» ሲል እጄ ላይ የነበረው ሽንኩርት ወደቀ። ያንን ድምፅ ከወጣትነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ዝናብ የሚደበድበው ቆርቆሮ፣ የጋለ አቧራ ሽታ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጠረን ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ።

ድምፁ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ለዓመታት ካስቀመጥኳት ዲስኬት የወጣ ነው። የልጅ ልጄ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ወዳለ ኮምፒውተር የሚጠግን ሱቅ ወስዳት፣ ውስጧ ያለውን አስገልብጣ መጣች። ዊንዶውስ ሳይመጣ፣ በዶስ ዘመን የተሠራ የታይፕ መለማመጃ ጨዋታ ነው። ፊደል ከላይ ይወርዳል፤ መሬት ሳይነካ ቁልፉን መትቶ መልቀም ነው።

ላፕቶፑ ላይ ግን ፊደሉ እንደ በረዶ ዘነበ። ገና ዓይኔን ሳሳርፍ ጨዋታው አለቀ።

«እማማ፣ ማሽኑ ፈጥኖበት ነው» አለች። «ፕሮግራሙ የተሠራው ለድሮ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ነው። ላዘግየው?»

«ቆይ» አልኳት። እንደዚያ ሲዘንብ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ያኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ እዚሁ ጉለሌ ከነበረ የጽሕፈት ማሠልጠኛ ገብቼ ነበር። ጓደኛዬ ከጎኔ ነበረች፤ አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። ጣቷ ከእኔ ይፈጥናል፤ አፏ ደግሞ ከጣቷ። «አንቺ እኮ በርበሬ የምትወቅጪ ነው የሚመስልሽ፤ ቁልፉ ምን አደረገሽ?» ትለኝ ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት ሩቅ ከተማ ላለው ቅርንጫፉ አንዲት ጸሐፊ ፈለገና ሁለታችን ለፈተና ቀረብን። የሁለታችንም ቤት ደሞዝ የሚያስገባ ሰው አልነበረውም። ፈተናው እዚያው ማሠልጠኛው ውስጥ፣ በዚሁ ፊደል የመልቀም ጨዋታ ሆነ። ሁለት ኮምፒውተር ነበር፤ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ከካርቶኑ ገና የወጣ። ፈታኙ «እንዳትጣሉ» ብሎ ዕጣ አስወጣን። አዲሱ ለእሷ ደረሰ። ሠልጣኞቹ እልል አሉ። እኔን ቅናት አቃጠለኝ።

ጀመርን። የእኔ ፊደል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እለቅማለሁ። የእሷ ማሽን «ጢጥጢጥጢጥ» ብሎ ጮኸና ዝም አለ። ዞር ስል እጇ አየር ላይ ቀርቷል።

ፈታኙ ሥራው የእኔ መሆኑን ነገረን። እሷ አላለቀሰችም፤ ሹራቧን ደረበች።

«ማሽኑ ነው የቸኮለው! ይደገም!» አልኩ።

«ዕጣ ነው እህቴ፤ ዕጣ ደግሞ የእግዜር ነው» አለ ፈታኙ።

«እግዜርን ማሽን ውስጥ አያስገቡብን! በአንድ ሚዛን ይመዝኑን።»

ጓደኛዬ ክንዴን ጎተተችኝ። «አንቺ ጅል፣ ሥራሽን ይዘሽ ዝም በይ!»

ዝም አላልኩም። በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ፈታኙ በረጅሙ ተነፈሰና አሮጌው ማሽን ላይ ሁለት ሰው በተራ የሚጫወትበትን ከፈተልን። መጀመሪያ እኔ ለቀምኩ፣ ቀጥሎ እሷ። አሸነፈችኝ። እንዴት አድርጋ!

ሥራውን አግኝታ ስትሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ጨዋታው የተቀዳባትን ይህችን ዲስኬት መዳፌ ውስጥ አስጨብጣኝ «ተለማመጂበት፤ ስመለስ ድጋሚ እንገጥማለን» አለችኝ። ኮምፒውተር ከየት ላምጣ? እኔ ጉልት ተቀመጥኩ፤ እሷ እዚያው አግብታ ወልዳ ቀረች። በዓል ሲመጣ እንደዋወል ነበር።

«ተለማመድሽ?» ትለኛለች።

«መጥተሽ ታዪዋለሽ!» እላታለሁ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጇ ናት። እናቷ ከተቀበረች ሰንብታለች።

የልጅ ልጄ ስትነካካ ቆይታ «አሁንስ?» አለች። ፊደሉ ልክ እንደዚያን ቀኑ፣ ረጋ ብሎ ወረደ። «በቃ፣ ክፍል አለብኝ» ብላ ታክሲ ልትይዝ ወጣች። ቤቱ ጭር አለ።

ኮምፒውተሩ ስንት ሰው እንደሚጫወት ጠየቀኝ። ሁለት አልኩት። የእኔን ተራ ለቀምኩ፤ ጣቴ ደርቋል፣ ብዙው አመለጠኝ። ከዚያ የእሷ ተራ መጣ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ «ጢጥ» እያሉ መሬት ነኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪያልቁ ጠበቅሁ። የሰው ተራ አይነካም።