ሞቆ የማያውቅ ሞተር

ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች ከዱባይ በብዛት መግባት በጀመሩበት ሰሞን፣ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ባለችው ሱቃችን ባለቤቴ ያገለገሉ የሞተር ኮምፒውተሮችን ይሸጥ ነበር። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጬ አነባለሁ። የማታ ትምህርት የጀመርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ ያጓጓኛል፤ ከዕቃ ጋር የሚመጣውን የመኪና መመሪያ ሳይቀር መዝገበ ቃላት ይዤ እወጣዋለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለቤቴ "ተማሪዋ" እያለ ይነካካኛል።

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ የሚኒባስ ሹፌር መጡ። መኪናዋ የራሳቸው ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚተዳደረው በእሷ ነው።

"ቤንዚን አልጠግብ አለች" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ጭሷ ጥቁር፣ ካንዴላዋ ጥላሸት። መካኒኩ ኮምፒውተሯ አብዷል አለኝ። ይኸው፣ እሱን ስጠኝ።"

በእኛ ተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከሱቅ ከወጣ አይመለስም። ተሳስተው ከገዙ ሌላ የሚሞክሩበት አቅም እንደሌላቸው ያስታውቃል። ባለቤቴ ኮምፒውተሩን አውርዶ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እኔ ግን ያነበብኩት ከነከነኝ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያየው ነገር የለም፤ ሴንሰሮቹ የነገሩትን ይሰማል። የሞተር ማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር "ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው" ካለው፣ ቤንዚን ይጨምራል።

"ጋሼ፣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ የት ላይ ነው የምትቆመው?"

ፊታቸው በራ። "ከታች! ራጉኤል ምስክሬ ነው፣ እንጦጦን ወጥታ እንኳ አትነቃነቅም። ሞቃ አታውቅም እኮ!"

የባለቤቴ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ።

"ቴርሞስታቷስ?" አልኳቸው።

"እሷንማ ገና መኪናዋን ስገዛ አስወጥቼ ጣልኳት። ለፈረንጅ አገር ብርድ ናት፣ ለሞቃት አገር አትሆንም አሉኝ።"

"ሞቃት አገር?" አለ ባለቤቴ። "ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ በሹራብ ላይ ጃኬት ደርበው ነው የመጡት!"

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ውሃው ይፈላብኛል ብሎ ቴርሞስታት ያስወጣ ነበር። እሷ ግን ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን የምትይዝ ትንሽ በር ናት። በሩ ከሌለ ውሃው በራዲያተሩ እየቀዘቀዘ ይመላለሳል። ሴንሰሩ አልዋሸም፣ ኮምፒውተሩም አላበደም፤ ሞተሩ እውነትም በርዶት ነበር።

"ወላሂ፣ ተማሪ ያገባ ሰው ዕቃ አይሸጥም" አለ ባለቤቴ፤ ኮምፒውተሩን ወደ መደርደሪያው መለሰና ቴርሞስታት ሊያመጣላቸው ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደ። እኔ ግን ሳላረጋግጥ ዕንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቴርሞስታቷን አስገጥመው፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ አስጠርገው፣ አንድ ቀን ሠርተውባት እንዲመለሱ ለመንኳቸው።

በማግስቱ እያለከለኩ ገቡ።

"ገደልሽኝ ልጄ! መርፌዋ መሃል ላይ ወጥታ ቀጥ አለች። ትኩሳት ይዟታል!"

"ከዚያስ አለፈች?"

"አላለፈችም።"

"ጭሷስ?"

"ጭስማ የለም።"

"ቤንዚኑስ?"

አሰብ አደረጉ። "ትናንት የሞላሁት... አላለቀም።"

"እንግዲያው ጤና ነው፣ ጋሼ።"

አመኑኝ ለማለት አልደፍርም። ወጥተው የሚኒባሷን በር ከፈቱና መርፌዋን ትኩር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ተሳፋሪ ሊጭኑ ወደ ሰባተኛ ታክሲ ተራ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በሱቃችን ፊት ባለፉ ቁጥር በመስኮት እጃቸውን አውጥተው አንድ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያሳዩኛል፤ መርፌዋ መሃል ላይ ናት ማለታቸው ነው። እኔም ከመጽሐፌ ቀና እላለሁ። መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን አያለሁ፤ ከዚያ እጄን አነሳላቸዋለሁ።