ሳይበላ የተመለሰው እራት

ዛሬም ቢሆን አልጫ ሲቀርብልኝ ሆዴ ይባባል።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ቦሌ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከኦሎምፒያ ዝቅ ብሎ ባለ እስር ቤት ታስሮ፣ እራቱን በየቀኑ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። የምግብ ዕቃው ባዶውን ካልተመለሰ እቤታችን ማንም እህል አይቀምስም። ባዶ ዕቃ ማለት ልጃችን በሕይወት አለ ማለት ነበራ!

አንድ ቀን በርበሬ አለቀብን። ከገበያም ከጎረቤትም ጠፋ። እናቴ በርበሬ ያልገባበትን ወጥ "የበሽተኛ ምግብ" የምትል ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ምን ታድርግ? እያጉረመረመች የድንች አልጫ ሠራችና ላከችኝ።

ዘበኛው ዕቃውን አስገብቶ ቆየና መልሶ አመጣው። ስቀበለው ከበደኝ። ምግቡ አልተነካም።

"ውሰጂ" አለኝ። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በዚያ ዘመን ይጠየቃል እንዴ?

እናቴ ሙሉውን ዕቃ ስታይ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቀዘቀች። ጮኾ ማልቀስ ክልክል ስለነበር አባቴ ጋቢውን ነክሶ አነባ። ድስቱ እንደተከደነ አደረ።

ሲነጋ አስከሬኑን እንኳ ልለምን ብዬ ሄድኩ። ዘበኛው የተዘቀዘቀ ነጠላዬን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"እኅቴ፣ እግዜር ያጥናሽ" አለኝ። "ወንድምሽም ሲያለቅስ ነው ያደረው። 'ይሄ የእናቴ እጅ አይደለም፤ እሷ ብትኖር አልጫ አትልክልኝም ነበር' ብሎ እራቱን ሲመልስ ነው እናታችሁ ማረፋቸውን ያወቅነው።"