በአረቄ ማሰሮ የወጣ ውሃ

ሐኪሙ ባለፈው ወር የሠራልኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ በቀጭን ብረት ተቆልፎ የሚቀመጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳስገባው ምላሴ ላይ አረንጓዴ ጣዕም ይተውልኛል። ጣዕም ቀለም የለውም ትለኝ ይሆናል፤ ይኼኛው ግን አለው። የልጅ ልጆቼ ፊቴን ሳኮማትር ሲያዩ ጥርሱ የጠበበኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ሰበታ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጥርሴ ሁሉ በቦታው አለ፤ ጭንቅላቴ ግን ገና አልበቀለም።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ዓለም ገና አጠገብ ባለች ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። አንዲት ክራባት ነበረችኝ፤ እሷን ያሰርኩ ዕለት የማላውቀው ነገር አልነበረም። የምኖረው ሰበታ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ቁጣው ከእሱ ቀድሞ ደጅ የሚደርስ ሰው። አንድ ረዳቱን በሸሚዙ ኮሌታ አንጠልጥሎ ጭነት ላይ ሲወረውረው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ከአሰብ ባሕር ይዞ የመጣው።

ቁራጭ ባሕር ማለቴ ነው። በመስታወት ያሠራው ሣጥን ነበረው፤ ርዝመቱ የአንድ ሰው ቁመት ያህላል። ውሃውን ከአሰብ በዳሚጃና፣ በዚያ ሆደ ሰፊ ጠርሙስ፣ እየሞላ ያመጣዋል። ውስጡ ሕይወት ያላቸው ድንጋዮች ነበሩ፤ ቀን ቀን አበባ ያወጣሉ፣ ሲነኳቸው ይሰበሰባሉ። አየር የሚያገኘው ከጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ነበር፤ ወንድሜ በእጅ መንፊያ ይነፋዋል፣ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይንቆረቆራል። ያ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ቤቱን ይሞላው ነበር።

ሰላም ያለበት ቦታ እንዳይመስልህ። አንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን በማይታይ ክር እየተናደፈ ያቃጥለዋል። ትንሿ ሰማያዊ ዓሣ የምታህላትን ሌላ ዓሣ ጥግ አስይዛ፣ ክንፏን እየቦጨቀች በሦስት ቀን ጨረሰቻት። እሾህ የሚመስል ጸጉር ያለው አንድ የአበባ እንስሳ ነበር፤ የነካውን ሁሉ አደንዝዞ ይውጣል። በእሱ እቅፍ ውስጥ ብቻ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ባልና ሚስት፣ ምንም ሳይሆኑ ይኖሩ ነበር። በዚያ ሰሞን እንቁላል ጥለዋል። ወንድሜ ከመንገድ ሲገባ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ እነሱ ፊት ይንበረከካል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ በለሰለሰ ድምፅ ሲናገር የሰማሁት ከእነሱ ጋር ብቻ ነው።

የሣጥኑን ሕግ ለወንድሜ ያስተማረው አሰብ ወደብ መርከብ ሥር የሚሠራ አንድ ጠላቂ ነበር። ሳሙና የነካ እጅ ውሃው ውስጥ አይገባም። ፍሊት እዚያ ቤት አይነፋም። ከብረት ሁሉ ደግሞ መዳብ፤ ማንኪያም ሆነ ቀለበት፣ አጠገቡ አይደርስም። ጨውን የምንለካው በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ወንድሜ አሸዋ ጨምሮባት፣ አፏን በሰም ደፍኖ፣ አሰብ ላይ ባሕሩ የደረሰባትን ልክ በምስማር ጭሮባታል። ውሃ ሲተን ጨዉ ይከብዳል፣ ብልቃጧም ከልኳ በላይ ትንሳፈፋለች። ያን ጊዜ በጋን ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ጨምሮ ይመልሳታል። የጉድጓድ ውሃ ክልክል ነው።

በሚያዝያ ለዘጠኝ ቀን ጉዞ ሲወጣ አደራውን ለእኔ ሰጠኝ። ጋኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ለዘጠኝ ቀን ይበቃ ነበር። ነገር ግን የእጅ ሥራ የምታስተምር አንዲት ባልደረባ ነበረችኝ፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ አረፋው ይበዛል። በሁለት ቀን ጸጉሬንና ነጭ ሸሚዜን አጠብኩበት። ጸጉር ነበረኝ፤ እመነኝ። ልጅቷ ቀና ብላም አላየችኝ።

በስምንተኛው ቀን ብልቃጧ ሁለት ጣት ያህል ከልኳ በላይ ወጥታለች። ወንድሜ በማግስቱ ይገባል። ሰማዩ ቢፈተሽ ደመና የለውም። ክራባቴን አሰርኩና አሰብኩ። እንፋሎት ንጹሕ ነው ብዬ ስንቱን ተማሪ አስተምሬ የለም? ዳሚጃናዬን ይዤ ከመንደሩ ዳር ወዳሉት አረቄ አውጪ ሄድኩ።

ሴትዮዋ የምፈልገውን ስነግራቸው ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ጠሩ። አስተማሪው ከውሃ ውሃ ላውጣ ብሎ መጥቷል ብለው ለሁሉም አወሩ። እኔን ደግሞ፦

"ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው፣ ታዲያ ማን ይሰክርልሃል?" አሉኝ።

"ዓሣ ነው የሚጠጣው፣ እትዬ።"

"እንግዲያ ያንተስ ይሻላል፤ ተምረህ ነው ያበድከው።"

ቢሆንም አወጡልኝ። የጉድጓድ ውሃ የሞላው እንስራ ፈላ፤ እንፋሎቱ በሸምበቆው ወርዶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረው ማሰሮ ተጠራቀመ። ማሰሮው የመዳብ ነበር። የአረቄ ማሰሮ ሁሉ የመዳብ ነው። በአፉ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት፣ ጎመን እንደ በላ ልጅ ከንፈር፣ ተለቅልቆ አይቼዋለሁ። አየሁትና ምንም አላልኩም፤ እኔ ያሰብኩት እንፋሎቱ ጥሎት ስለመጣው ነገር እንጂ ስለሚያርፍበት ዕቃ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ጨመርኩት። ብልቃጧ ጭረቷ ላይ ቆመች። በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚሳቡት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ይረግፉ ነበር። ፌንጣ የምትመስል አንዲት ቀይ የባሕር ፍጥረት በጀርባዋ ወድቃ እግሮቿን ታርገፈግፋለች። የአበባው እንስሳ ሆዱን በአፉ ተፍቶ ነጭ ልጋግ ሆነ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ቤቱን ሞላው። ውሃው እንደ ወተት ደፈረሰ። ብርቱካንማዎቹ ዓሦች አየር አጥተው መስታወቱን በአፋቸው ይደበድቡ ጀመር፤ ከንፈራቸው እስኪላጥ ድረስ። ከመነዳሪውን ነፋሁ፣ ደግሜ ነፋሁ። እኩለ ቀን ላይ ሚስትየዋ ዓሣ ዞራ ወደቀች። ባልየው እንቁላሎቹ ላይ ሞተ።

ወንድሜ የገባው ያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየ። ቀና አለና አሸተተ።

ከአጥሩ ወዲያ የፍሊት መንፊያ ሹ ሹ ይላል። ጎረቤታችን ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ የዚያው አገር ሰው፣ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ነበር የምንለው። በጨው የተነከረ ቆዳው ላይ ዝንብ ሲበዛ ፍሊት ይነፋል፤ በዚህ ነገር ከወንድሜ ጋር ስንቴ ተጣልተዋል። ወንድሜ የጎማ መፍቻውን ብረት ከመኪናው አወጣ።

አጥሩን በእግሩ ነው ያፈረሰው። ኦቦ መንፊያውን እንደያዘ ዞር ሲል የመጀመሪያው ምት ክንዱን አገኘው፤ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛው አፉ ላይ አረፈ። ቆዳው ላይ በጀርባው ወደቀ፤ ደሙና ጨዉ ተቀላቀለ። "ማል ጎዼ?" ይላል፣ "ምን አደረግኩህ?" በሁለቱም ቋንቋ ይጠይቃል፤ ወንድሜ በሁለቱም አይሰማም። የኦቦ ሚስት ዘነዘና ይዛ ወጥታ የወንድሜን ጀርባ ትወቅጠዋለች፤ እሱ ግን ዝንብ እንዳረፈበት በሬ ነው። አራት ሰው ተንጠላጥሎ አስለቀቀው።

አንተስ የት ነበርክ አትለኝም? በፈረሰው አጥር በኩል ቆሜ፣ ዳሚጃናዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነበር። ኦቦን በቃሬዛ ሲያወጡት ዳሚጃናው ሥር የቀረውን ውሃ ቀመስኩ። አረንጓዴ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ፤ ክራባቴንም አፌንም አጠበቅኩ።

ስድስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ወጌሻው የኦቦን ክንድ ሲያቃና ጩኸቱ ክፍሌ ድረስ ይመጣ ነበር፤ እኔ ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። የፈረዱት እንዲህ ነው፦ ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ኦቦ ደግሞ ዓሦቹን ሆን ብሎ እንዳልመረዘ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይማል። ኦቦ ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ለመማል ተነሳ። እኔ በገደልኩት እሱ ሊምል ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ጋኑን፣ ጸጉሬን፣ አረቄ አውጪዋን፣ ማሰሮውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ለሽማግሌዎቹ የማሰሮው ነገር አልገባቸውም። ወንድሜ ገባው። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ አልመታኝም፤ ፊቱ ብቻ እንደ ሕፃን ተሰብስቧል።

"እንግዲህ ድንጋዩን ለሁለቱም አምጡላቸው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ጎን ለጎን ተንበረከክን። ድንጋዩ አንገቴን ሲጫነው አፈሩ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ኦቦ ቀረበ። በደኅና እጁ ከወንድሜ ትከሻ ድንጋዩን አወረደ። ሁሉም የይቅርታውን ቃል ይጠብቃል። እሱ ግን ጥርስ በሌለው አፉ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

"ስድስት ዓመት ጎረቤትህ ሆኜ አንድ ቀን ግባና እይ አላልከኝም። ምን ይመስሉ ነበር?"

ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ። ብርቱካንማ ነበሩ፣ ኦቦ፣ አለ። በነጭ የተቀነቱ። እንቁላሉን የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ ቀን ከሌት በክንፉ ያራግበዋል። ጣቴን ሳስገባ ይነክሰኝ ነበር፣ ይህቺን አክሎ። ኦቦ የታሰረ ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ፣ በደንብ ለመስማት አጠገቡ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። "ከዚያስ?" አለው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ማለቁን አይተው አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ሁለቱ እዚያው ቀሩ፤ አንዱ ይነግራል፣ አንዱ ይጠይቃል። የእኔን ድንጋይ የሚያወርድልኝ ጠፋ፤ ረስተውኛል። እኔም አላስታወስኳቸውም።