ክረምት የሌለው ፍልሰታ

«ውሃ ጠጥተሽ ሂጂ አልኩሽ!»

«አልጠጣም አልኩህ እኮ! ፍልሰታ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብሬክ አለኝ፣ ያኔ እጠጣለሁ። በቃ፣ ሪላክስ አድርግ።»

ታናሽ እህቴ ፍሬሕይወት ናት። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ባለችው አፓርታማችን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ ቆመን እንጯጯሃለን። እሷ የሥራ ጫማዋን ታስራለች፣ እኔ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዣለሁ። የምትሠራው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የጭነት መኪና ተሳቢ ውስጥ ገብታ ካርቶን ስትደረድር ትውላለች። ያንን ተሳቢ አውቀዋለሁ፣ እኔም ሠርቼበታለሁ። በሩ አንድ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ከነካው ያቃጥላል። የአትላንታ የነሐሴ ሙቀት ደግሞ እርጥብ ነው፤ ሳይጨመቅ እንደቀረ ብርድ ልብስ ትከሻ ላይ ይተኛል።

«ቢያንስ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ጠይቂ።»

«ምን ብዬ? አባ፣ ሞቀኝ ብዬ?»

ሳቀች። ያናደደኝ ሳቋ ነው፤ እኔም አንድ ቀን እንደዚያው ስቄአለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጅቡቲ ነበርኩ። በሐምሌና በነሐሴ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ይነሣና ከተማውን በአቧራ ይሞላዋል። ባሕሩ አጠገብህ ነው፣ ግን አይረዳህም፤ እሱም ለብ ብሏል። እታጠባለሁ ብለህ ቧንቧ ስትከፍት የሚወርደው ውሃ ለሻይ ጥቂት ነው የሚቀረው። የበር እጀታ በጨርቅ ይያዛል። ቁራዎች አጥር ላይ አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ፣ መጮህ እንኳ ይታክታቸዋል። አቅም ያለው ከተማውን ጥሎ ይሄዳል፤ የቀረው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩን ዘግቶ ይተኛል።

እኛ ግን እንጾም ነበር። ባደግሁበት አገር ፍልሰታ ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ በነጠላ ላይ ጋቢ ደርቦ ቅዳሴ መቆም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል እዚያ ምን ይከብዳል? በዚያ ብርድ ማን ይጠማል? እኛ የዝናቡን ጾም ጠቅልለን ይዘን በረሃ ወረድን። ቀኑን ቆጠርን እንጂ ሰማዩን ቀና ብለን አላየንም።

ብሩክ የድሬዳዋ ልጅ ነበር፤ ከእኔ ጋር ጣሪያ ላይ የሚያድር፣ ከእኔ ጋር ወደቡ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሸከም። በጾሙ በስድስተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ሆኖ ሁሉም ሊበተን ሲል፣ ያልተጫነ መኪና ቀረ። አለቃው «የሚቆይ አለ?» አለ። እጄን አወጣሁ። «እኔና ብሩክ» አልኩ። ብሩክን አልጠየቅሁትም።

«አቦ፣ ፀሐይዋ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እኛን ብቻ ነው እንዴ ያየችው?» አለ፣ ጆንያውን እያነሣ።

ከእኛ ጋር ዑመር የሚባል የአገሩ ሰው ቀርቶ ነበር፤ ሽማግሌ ነው። በእርጥብ ጆንያ ከጠቀለላት ጀሪካኑ በጣሳ ውሃ ቀድቶ ለብሩክ ሰጠው። «እኛ ስንጾም ቀን እናርፋለን፤ እናንተ እየጾማችሁ ትሸከማላችሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው?» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

ብሩክ ጣሳውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አየሁት።

«ለቀረችው ሁለት ሰዓት ብለህ?» አልኩት። «ጠጣ፣ ጠጣ። ነገ ደግሞ ጡጦ እንገዛልሃለን።»

ሹፌሩና ረዳቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ኧረ ልጉመጥመጥ ብዬ ነው» አለና ጣሳውን መለሰ። አልተጉመጠመጠም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላቡ ቆመ። ሸሚዙ ደረቀ። እኔ ጅሉ፣ ሙቀቱን ቻለው፣ ጠነከረ ብዬ ቀናሁበት። ላብ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ለእናቱ አንድ ነገር ሲነግራት ሰማሁ፤ እናቱ ድሬዳዋ ናት። ጆንያውን እንደተሸከመ መኪናውን አልፎ ሄደ፣ ወደ ባሕሩ። ጠራሁት፤ አልዞረም። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ወደቀ። ዑመር ጀሪካኑን እንዳለ ብሩክ ራስ ላይ ደፋው።

ነፍሱ ተረፈች፤ ኩላሊቱ ግን አልተረፈም። ሐኪም ቤት ሊጠይቁት የመጡት የንስሐ አባታችን ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ሸክም ላይ ያለን ሰው ከጾሙ እፈታው ነበር እኮ። አንድ ቃል ነበር።»

አንድ ቃል! እግራቸው ላይ መውደቅ ሲገባኝ በእሳቸው ተናደድሁ። ቃሏ እንዲህ ቀላል ከሆነች ሳንጠይቅ ለምን አልሰጡንም? የምንውልበትን ያውቃሉ። ግን እኛም አፍ ነበረን። እኛ ዘንድ መጠየቅ መሸነፍ ነው፤ ከመጠየቅ መውደቅ ይሻለናል። ይህንን ደግሞ ጽናት ብለን እንጠራዋለን።

ብሩክ አሁን ድሬዳዋ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ማሽን ደሙን ያጥብለታል። ስደውልለት «አቦ ተወው፣ የእግዜር ሥራ ነው» ይለኛል። የሚያበሽቀኝ ይህ ቃሉ ነው። እግዜር ያን ቀን እጁን አላወጣም፣ ስለ ጡጦም አልቀለደም። ብሩክ ጥፋቴን ከእጄ ወስዶ ለማይመለከተው ሰጠብኝ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ለፍሬሕይወት ነገርኳት። መውደቁን ታውቅ ነበር፤ የጡጦውን ቀልድ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቦርሳዋን አንግታ፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ የምትወስዳት የሥራ ባልደረባዋ ናት።

«ብሩክንስ ይቅርታ ብለኸው ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እሱ እኮ ረስቶታል…»

«ብለኸው ታውቃለህ ወይ?»

ብርጭቆውን ዘረጋሁላት።

«እንግዲያው በእኔ ጉሮሮ አትታረቀው» አለች።

ልክ ናት። እኔም ግን ልክ ነኝ፤ የእኔ በደለኛ መሆን ያንን ተሳቢ አያቀዘቅዘውም። ይህን ልላት አፌን ስከፍት ወጥታለች፣ በሩም ተዘግቷል።