ሁለት የራስ ቅል ከአንድ ጉድጓድ

ትናንት የአማርኛ መምህራችን ከክፍል ስወጣ ጠርታ «ጽሑፍሽ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ይወጣል» አለችኝ። እስከ ሲግናል ሰፈር ድረስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ሰው ሁሉ አየኝ። ይህችን መግቢያ የጨመርኳት ዛሬ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ ግን ፈርቼ ነበር።

መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ፣ እንጦጦ ሥር ባለው ቤተ ክርስቲያን በአጥሩ በኩል የተቀበሩትን ቤተሰቦቻቸው እንዲያነሱ ተነገረ። የእናቴ አባት፣ አባባ፣ ያረፉት እዚያ ነው። እናቴ፣ ወሰን ሰፈር ጋራዥ ያለው አጎቴና እኔ ሣጥንና አቡጀዲ ይዘን ሄድን። የእኔ ሥራ አቡጀዲውን ዘርግቶ መያዝ ነበር። ምን እንደሚቀመጥበት እያሰብኩ ጫፎቹን ያዝኩ።

ቆፋሪው ጎንበስ ብሎ አንድ የራስ ቅል አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ቦታ ስለሚጠብ በድሮ መቃብር ላይ መቅበር የተለመደ ነው፤ ግን አባባ የትኛው ናቸው?

አጎቴ ሁለቱን በስንዝሩ ለካ። «ትልቁ ነው የአባባ። የእኛ ዘር እኮ ኮፍያ አይበቃውም።»

«አባትህ ፊት አትቀልድ» አለችው እናቴ እያለቀሰች። ከተሳሳትን አባቷን ለዶዘር ጥላ መሄዷ ነው።

የአጎቴን ጣቶች በራስ ቅሉ ግንባር ላይ ሳይ፣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ትዝ አለኝ። ድሮ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሊቅ የተባሉ ሰዎች ከሰው አገር መቃብር የራስ ቅል እያስመጡ፣ የሰናፍጭ ፍሬ ሞልተው ምን ያህል እንደሚይዝ እየሰፈሩ፣ የትኛው ሕዝብ ብልህ የትኛው ደንቆሮ እንደሆነ እናውቃለን ይሉ ነበር። መልሱን ግን ገና ሳይለኩ ይዘውት ነበር። አጎቴ የያዘው የራስ ቅል የዓይን ጉድጓዶች ወደ እኔ ዞረዋል።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ስንዝር ማን እንደሆነ አይነግረንም። ሁለቱንም እንውሰድ።»

«የማናውቀውን ሰው?» አለ አጎቴ።

«እሱንስ ማን ይወስደዋል?»

አጎቴ እናቴን አየ። ከዚያ ሁለቱንም ቀስ አድርጎ አቡጀዲው ላይ አስቀመጠልኝ። ቀላል ነበሩ። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

ዳገቱ ላይ ባለው አዲሱ የመቃብር ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ፍትሐት ሲያደርሱ የአባባን የክርስትና ስም ጠሩ፤ ለሌላው «ስሙን አንተ የምታውቀው» አሉ። ስንወጣ እኔን ጠርተው «ልጄ፣ ዘመዱን የሚፈልግ ካለ ይምጣ ብለሽ ለሰው ንገሪ» አሉኝ።

እኔም እላለሁ። በአጥሩ በኩል፣ አባባ በነበሩበት ከትልቁ ጽድ ሥር ሰው የቀበራችሁ ካላችሁ፣ ኑ። ምናልባት የእናንተ ሰው ከአባባ ጋር ይሆናል። ቦታውን አሳያችኋለሁ፤ ብቻዬን ግን እፈራለሁ፣ አብረን እንሂድ።