ቦርሳውን አላወርድም

ባለፈው እሁድ ጠዋት... ትልቅ ቦርሳ በጀርባዬ አዝዬ ከግቢያችን ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በማለዳ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«መጣሁ እትዬ።»

«ግርማስ?»

«ተኝቷል» አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ግርማ ባለቤቴ ነው። እውነትም ተኝቶ ነበር።

ቦርሳው ውስጥ አምስት ሊትር ውሃ፣ አንድ ከረጢት ባቄላና ብርድ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱ አልገባ ብሎ በአናቱ ብቅ ብሏል። ከሩቅ ለሚያየኝ ምን እንደምመስል ያኔ አልታሰበኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ፣ እንደ አገሬው ልጅ ሁሉ ስሮጥ ነው ያደግኩት። ሩጫው ግን እንጀራ አልሆነኝም። በቅርቡ ታዬ የሚባል የግርማ የሰበታ ጓደኛ ሥራ አገኘልኝ። ታዬ ባሌ ተራራ ላይ ፈቃድ ይዘው የደጋ አጋዘን የሚያድኑ የውጭ ሰዎችን ይመራል። ጎህ ሲቀድ ከካምፕ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚመለሱት። ውሃውን፣ ምሳውንና የዝናብ ልብሱን ተሸክሞ ያን ብርድና ዳገት የሚችል ሰው ይፈልጋል።

«ትንፋሽሽን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ቦርሳ ብቻ በደንብ ምረጪ። ጨርቁ ቁጥቋጦ ሲነካው ድምፅ ካወጣ፣ እኛ አጋዘኑን ሳናየው እሱ አገር ጥሎ ይሄዳል።»

ገበያ ላይ ሰልባጅ የሚሸጥ ሰውዬ መታወቂያዬን መያዣ ተቀብሎ ሁለት ቦርሳ ሰጠኝ፣ ሞክረሽ የማትፈልጊውን መልሺ ብሎ። ቅዳሜ አንደኛውን ለክብደት ውሃና ባቄላ ሞልቼ ሞከርኩት። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የዚፑ ብዛት! ግን በተራመድኩ ቁጥር እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል፣ ትከሻዬንም ቆረጠኝ። እሁድ ተራው የአሮጌው ነበር። የደበዘዘ አረንጓዴ ሸራ ነው፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ አለው። ዳገቱን ስጀምር ክብደቱ ዳሌዬ ላይ አረፈ... ትከሻዬ ነፃ፣ ድምፅ የሚባል የለ። ደስ አለኝ። እስከ ማታ ሳላወርደው ለመዋል ለራሴ ቃል ገባሁ።

ዳገቱን ሳላጋምስ አንዲት ባጃጅ ፊቴ መጥታ ቆመች። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ደበላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተጨናንቀው ከተቀመጡበት ወረዱ። ለካ እትዬ አስካለ ደውለውላቸው ኖሯል።

«ኢንተላ ኮ፣ ኤሳ ዴምታ?» አሉኝ ኦቦ ደበላ። ልጄ ወዴት ትሄጃለሽ ማለታቸው ነው።

«የትም አልሄድም ኦቦ። ቦርሳ እየሞከርኩ ነው።»

ሦስቱም ተያዩ።

«ልጄ፣ ትዳር ውስጥ ግጭት ያለ ነው። በይ እሱን አውርጂውና እንነጋገር።»

«አላወርድም።»

እኔ ስለ ሙከራዬ ነበር የማወራው። ለእነሱ ግን ሽማግሌ ፊት ሸክሟን አላወርድም ያለች ሴት ቆርጣለች ማለት ነው። «ነገሩ ከርሯል» አሉ አንደኛው በሹክሹክታ። ጠብ የለም ብዬ ብምል ብገዘት ወይ ፍንክች! ወደ ቤት መለሱኝ።

ግርማ ዓይኑን እያሻሸ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀመጡ፣ እኔ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ በሩ ሥር ቆምኩ።

«አንተ፣ ምን ብትበድላት ነው ቤቷን ጥላ የወጣችው?» አሉት ኦቦ ደበላ።

ስቆ ያስረዳቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ግርማ ግን ቦርሳውን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ... ላብ አጠመቀው።

«ታዬ ነገረሽ አይደል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«እኔ... ዓርብ ዕለት ደውዬ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ሌላ ሰው ፈልግ ብዬዋለሁ። እናቴ ናት እኮ... ምራቴ ከወንድ ጋር ዱር ለዱር ስትዞር ሰው ምን ይላል ብላ አለቀሰችብኝ።»

ደሜ ፈላ። ባቄላ ተሸክሜ ዳገት ለዳገት ስንከራተት እያየ ዝም ብሏል! እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ... ያው አዝኖልሽ ነው። አደንም ቢሆን የሴት ሥራ አይደለም። ይቅር በይውና ነገሩ እዚህ ይብቃ።»

«ይቅር እለዋለሁ አባቴ» አልኩ። «ግን ጠብ ልታበርዱ መጥታችሁ ሥራዬን አትቅበሩብኝ። የበደለ ይካስ አይደል የምትሉት? አሁኑኑ፣ እዚሁ እናንተ ፊት ይደውልና ያበላሸውን ያስተካክል። እስከዚያ ቦርሳውም አይወርድም፣ እኔም አልቀመጥም።»

ኦቦ ደበላ ወደ ግርማ ዞሩ።

«ደውል።»

ግርማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ። እየተንተባተበ፣ ዋሽቼህ ነው አለው።

«ሌላ ሰው አነጋግሬ ነበር እኮ» አለ ታዬ። «እሱም ብርዱን ሲሰማ እያቅማማ ነው። ግን እሷ ቀኑን ሙሉ ሸክም ትችላለች?»

ግርማ አፉን ሳይከፍት ኦቦ ደበላ ስልኩን ተቀበሉት።

«እኛ ሽማግሌዎች ነን ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ አውርጂው ብለን ብንለምናት እምቢ ብላ ይኸው ቆማለች። ይልቅ አንተ እሷን የምትችላት ከሆነ ንገረን።»

ታዬ ሳቀ። ማክሰኞ ወደ ባሌ እንሄዳለን።

አዲሱን ቦርሳ መልሼ፣ የአሮጌውን ዋጋ ከፍዬ መታወቂያዬን ተቀብያለሁ። ግርማንም ይቅር ብዬዋለሁ... መሄዴን ለእናቱ የሚነግራት ግን እሱ ራሱ ነው።